«ተወው፣ አንተ አትችልበትም» ትለኛለች

ሰላም እህቴ፣ እንደምን አለሽ? ዓምድሽን የምታነበው ባለቤቴ ናት። እኔ ስጽፍልሽ የመጀመሪያዬ ነው። ምናልባት ይህንንም ታነበው ይሆናል። ታንብበው፤ ፊት ለፊት መናገር ያቃተኝን ቢያንስ እዚህ ታገኘዋለች።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ፋብሪካ ውስጥ በሽፍት እሠራለሁ፤ አንዳንዱ ሳምንት ቀን ነው፣ አንዳንዱ ሌሊት። ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ትንሹ አምስት ሊሞላው ነው። እሱ ሲወለድ ምጡ ረዝሞ ነበርና ወዲያው አላለቀሰም። ኦክስጅን ተደርጎለት ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሰነበተ። ስምንት ወር አልፎት አንገቱ አልጸና ሲል ደሴ ወሰድነው፣ ሴሬብራል ፓልሲ ነው አሉን፤ በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። እስካሁን ሳይደገፍ አይቀመጥም፣ አይናገርም። ግን ድምፃችንን ይለያል። ከሥራ ስመለስ የበሩን ድምፅ ሲሰማ ይስቃል። አልፎ አልፎ ይጥለዋል፣ ለሱም መድኃኒት ይወስዳል።

ባለቤቴ አስተማሪ ነበረች፣ እሱ ከመጣ በኋላ ሥራዋን ተወች። ማብላቱ፣ ማጠቡ፣ ደሴ ማመላለሱ፣ እጅ እግሩን ማፍታታቱ ሁሉም በሷ ነው። ትልቋ ጎበዝ ናት፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታግዛታለች። እኔ ብሩን አመጣለሁ። በፊት አበላው ነበር። አንድ ቀን ሳበላው ትን አለውና ፊቱ ጠቆረ። እሷ ከጓሮ ሮጣ መጥታ ደፋ አድርጋው ጀርባውን መታ መታ ስታደርገው ተነፈሰ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አላየችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያ አንስቼ አላውቅም። አሁን ልያዘው ስል እንኳ «ተወው፣ አንተ አትችልበትም» ትለኛለች። ልብስ ሳለብሰው መልሳ ታወልቀውና እንደገና ታለብሰዋለች። እኔም ተውኩት።

በቀደም ወገቧን ይዟት ከአልጋ መነሳት አቃታት። ምን ላድርግልሽ ስላት አለቀሰች። «አንተ እኮ የመድኃኒቱን ሰዓት እንኳ አታውቅም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አላውቅም ነበር።

እናቴ ሐይቅ ከተማ ነው ያለችው። ስትመጣ ወንድ ልጅ ሽንት ጨርቅ ሲቀይር ማየት አትፈልግም። ደግሞ «መድኃኒቱ ነው ልጁን ያፈዘዘው፣ ተዉትና ዱዓ ይደረግለት» ትላለች። የባለቤቴ እናት በበኩላቸው ጸበል ይሻላል ይላሉ። እነሱ ሲሄዱ እኛ እንጨቃጨቃለን።

አንድ የማፍርበትን ነገር ልንገርሽ። የሌሊት ሽፍት ሲደርሰኝ ደስ ይለኛል። ከቤት ስወጣ እፎይ እላለሁ። ልጄን እወደዋለሁ፣ ፈጣሪ ያውቃል። ግን በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆኛለሁ። ከየት ልጀምር?

አባት ነኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ

ወንድምዓለም፣ ስለጻፍክልኝ አመሰግናለሁ። የአካል ጉዳት ስላለባቸው ልጆች የሚደርሱኝ ደብዳቤዎች ከሞላ ጎደል የእናቶች ናቸው። አባት ቁጭ ብሎ «ከየት ልጀምር» ብሎ ሲጽፍ ደስ ይለኛል፤ የጠየቅከው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነም አውቃለሁ።

ደብዳቤህን ሳነብ ከሁሉም በላይ የያዘኝ ያ ትን ያለበት ቀን ነው። «እጄ ሲንቀጠቀጥ አላየችም» ብለሃል። እኔ እንደሚመስለኝ የቤታችሁ ነገር የተበላሸው እዚያ ጋ ነው። አንተ ማንኪያውን ያስቀመጥከው ፈርተህ ነው፤ ልጄ በገዛ እጄ ሊሞትብኝ ነበር ብለህ። እሷ ግን ፍርሃትህን አላየችም። ያየችው ሰውዬው አንድ ቀን ከበደውና ጥሎላት ሲነሳ ነው። እሷም ያን ቀን ፈርታለች እኮ። ልጇ ሲጠቁር አይታለች፣ ከዚያ ወዲህ በሌላ ሰው እጅ ባየችው ቁጥር ያች ሰዓት ትመጣባታለች። ሁለታችሁም በአንድ ቀን ደንግጣችሁ፣ ድንጋጤያችሁን ሳትነጋገሩበት አንዱ ሸሸ፣ አንዷ ሁሉንም ጠቅልላ ያዘች። ለመሆኑ ስለዚያ ቀን አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወራችሁ ከዚያ ጀምር። ልጆቹ ሲተኙ አጠገቧ ተቀመጥና «ያን ቀን የሚሞትብኝ መስሎኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ የማላበላው ስለምፈራ ነው» በላት። ሌላ ነገር አትጨምርበት። አንቺም እንዲህ እያልሽኝ ምናምን አትበል። የሷ ወቀሳ ሊመጣ ይችላል፣ ብዙ ዓመት የተጠራቀመ ነው፣ አዳምጣት።

ቀጥሎ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ባለቤትህ የምትችልበት እናት ስለሆነች አይደለም። ስለተማረች ነው። ደሴ በተመላለሰች ቁጥር የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው እያሳየ እንዲህ አቅፊው፣ ጭኑን እንዲህ ዘርጊው፣ አንገቱን በዚህ ደግፊው ሲላት ነው የኖረችው። ተሳስታ ታርማለች። አንተ ያን ጊዜ ፋብሪካ ነበርክ፤ አንተን ያስተማረህ የለም። ስለዚህ «አትችልበትም» ያለችህ ለዛሬ እውነት ነው። ለከርሞ ግን እውነት ሆኖ መቆየት የለበትም።

ደግሞም ትን ማለቱ ያንተ እጅ ጥፋት ብቻ አይደለም። ሴሬብራል ፓልሲ የሚመጣው በማደግ ላይ ያለ አንጎል ሲጎዳ ነው፤ ገና በማህፀን እያለ፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ከተወለደ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት። አንጎሉ እጅና እግሩን ማዘዝ እንደሚቸግረው ሁሉ ምላስና ጉሮሮውንም ማዘዝ ይቸግረዋል። ጤነኛ ልጅ ሳያስበው የሚውጠውን እሱ ይታገለዋል። ለዚህ ነው አበላሉ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልገው።

ባለቤትህ ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፣ ከሷ ጋ እንድትነጋገርበት ያህል ልጻፍልህ። ሲበላ ቀጥ ብሎ፣ ተደግፎ ይቀመጥ፤ ተንጋሎ አይብላ። አንገቱ ወደ ኋላ እንዳይቀለበስ፣ አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዘንበል ይበል። አንተ ቆመህ ከላይ አታጉርሰው፤ ቀና ይልና ምግቡ ወደ አየር ቧንቧው ይሾልካል። ፊት ለፊቱ በዓይኑ ልክ ዝቅ ብለህ ተቀመጥ። ማንኪያዋ ትንሽ ትሁን፣ እሷንም አትሙላት። ብዙውን ጊዜ ወፈር ያለ ገንፎ ወይም በደንብ የላመ ፍትፍት ከቀጭን አጥሚትና ከውሃ ይልቅ ለመዋጥ ይቀላል፤ ቀጭን ነገር ነው ሳይታሰብ ወርዶ ትን የሚያስብለው። መዋጡን ሳታይ ሁለተኛውን አትስጠው። ከበላ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል እንደተቀመጠ ይቆይ። ትን ካለውና እያሳለ ከሆነ ወደፊት ደገፍ አድርገህ ያስል፣ ሳሉ ነው የሚያወጣለት። ማሳልም መተንፈስም ካቃተው ደፋ አድርጎ በትከሻዎቹ መሀል በመዳፍ መምታት ያስፈልጋል፣ ባለቤትህ ያደረገችው እሱን ነው። ያ ካልሠራ ቀጥሎ የሚደረገውን ነርስ ወይም ፊዚዮቴራፒስት በእጅ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ሁለታችሁም፣ ትልልቅ ሰዎች የሆናችሁ ሁሉ። በበላ ቁጥር የሚያስለው ከሆነ፣ ድምፁ የሚንኮራኮር ከሆነ፣ ትኩሳትና የደረት ሕመም የሚመላለስበት ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትነግሩ አትቆዩ።

አሁን ወደ መካፈሉ። ሥራ ስትወስድ ከነሐሳቡ ውሰደው። ይሄ ነው ዋናው ነገር። ውሃው ሞቋል ወይ፣ የቱን ልብስ ላልብሰው፣ መድኃኒቱ የት ነው ያለው እያልክ ከጠየቅካት እጇ ያርፍ ይሆናል፣ ጭንቅላቷ ግን አያርፍም። አንተ በሽፍት የምትሠራ ሰው ስለሆንክ ይህን ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። የቀደመው ሽፍት ማሽኑ ምን ላይ እንዳለ ነግሮህ ያስረክብሃል። ከዚያ ቤቱ ሄዶ ይተኛል። በየአሥር ደቂቃው አትደውልለትም። የሷ ሽፍት ግን አምስት ዓመት ሙሉ የሚረከበው አላገኘም።

እኔን ከጠየቅከኝ መጀመሪያ መድኃኒቱን ሙሉ በሙሉ ተረከብ። ሰዓቱን ስላላወቅክ ነው ያለቀሰችው፣ ስለዚህ ከዚያው ጀምር። ስሙን፣ መጠኑን፣ ሰዓቱን ጻፍና ስልክህ ላይ አላርም ሙላ። ሥራ ላይ ከሆንክ እሷ ትሰጠዋለች፤ ቤት ካለህ አንተ ነህ የምትሰጠው። ስንት እንደቀረ የምትቆጥረው አንተ፣ ሳያልቅ ፋርማሲ የምትሄደው አንተ፣ ከጠፋ ደሴ ድረስ ሄደህ የምትፈልገው አንተ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚሰጠው በልጁ ክብደት ልክ ነው። እያደገ ሲሄድ መጠኑ እንዲታይለት ማስታወስም ያንተ ድርሻ ይሁን። ይህንን ከሷ ጭንቅላት ብታወጣላት ምን ያህል እንደሚቀላት በአንድ ወር ውስጥ ታየዋለህ።

ሁለተኛው ማታ ነው። የቀን ሽፍት በሚሆንልህ ሳምንት ማጠቡን፣ እጅ እግሩን ማፍታታቱንና ማስተኛቱን አንተ ያዘው። ማፍታታቱ ቀላል ነገር እንዳይመስልህ። የአንጎሉ ጉዳት እየባሰ የሚሄድ አይደለም፤ ጡንቻውና መገጣጠሚያው ግን ካልተንቀሳቀሰ እያጠረ፣ እየደረቀ ይሄዳል። ቀስ ብሎ፣ ሳያስገድዱ፣ እየተጫወቱ ነው የሚሠራው። የበርህን ድምፅ ሰምቶ የሚስቅ ልጅ ካንተ ጋር ሲፍታታ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አስበው። የሌሊት ሽፍት በሚሆንልህ ሳምንት ደግሞ ተኝተህ ስትነሳ ከሰዓት በኋላ አንድ ሁለት ሰዓት ውሰድ። በሰዓት እኩል ይካፈል እያልኩህ አይደለም። ፋብሪካ ቆመህ ውለህ እኩል ልትሆን አትችልም፣ እሷም የምትጠብቀው ይህን አይመስለኝም። የምትፈልገው በሳምንቱ ውስጥ ማንም የማይጠራት ሰዓት ነው።

ማብላቱን ለጊዜው አትቸኩልበት። መጀመሪያ እሷ ስታበላው አጠገቧ ተቀመጥ፣ እይ። ከዚያ እሷ አጠገብህ ሆና አንተ አብላው። ፍርሃትህ ሲቀንስ፣ የሷም ሲቀንስ፣ አንድ ቀን እሷ ጎረቤት ቡና ትጠጣና አንተ ብቻህን ታበላዋለህ። በስንተኛው ቀን እንደሚሆን አታስብ።

እህቴ፣ ይህን እያነበብሽ ከሆነ አንድ ሁለት ቃል ላንቺም አለኝ። ይህ ልጅ እስከዛሬ የቆየው በዓይንሽ ነው። ያን ማንም አይነሳሽም። ግን ልጠይቅሽ፤ እሱ ያለበሰውን ሹራብ አውልቀሽ መልሰሽ ስታለብሺው በርግጥ ልጁን ስለሚጎዳው ነው ወይስ አንቺ እንደምታደርጊው ስላልሆነ? ለጉሮሮው፣ ለመድኃኒቱ፣ ለአያያዙ መጠንቀቅሽ ትክክል ነው፤ እዚያ ላይ አትቀልጂ። ኮፍያው ቢጣመም ግን ይጣመም። አንቺ የምታውቂውን ሁሉ እሱ እንዲያውቅ ጊዜ ስጪው። ሲያለብሰው፣ ሲያጥበው እዚያው ቆመሽ ማየት ከከበደሽ ውጪ፤ ጓሮ ሂጂ፣ ሱቅ ሂጂ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ቀን ወገብሽ ጨርሶ እምቢ ቢል ይህን ልጅ የሚይዘው ማን ነው? ያን ቀን ሳይመጣ አባቱ ይልመድ። ደግሞ ማስተማሩ ይናፍቅሻል? ባለቤትሽ ስለሱ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፈው፣ አንቺ ብትጽፊ ብዙ የምትይ ይመስለኛል። ሙሉ ቀን ባይሆን እንኳ ግማሽ ቀን፣ ማስጠናትም ቢሆን፣ ከባልሽ ጋር አንሱት።

ወገቡን በተመለከተ ሁለታችሁም ስሙኝ። ልጁ እየከበደ ነው የሚሄደው። ሲያነሱት ከወገብ አጎንብሶ ሳይሆን ጉልበትን አጥፎ፣ ልጁን ወደ ደረት አስጠግቶ ነው። እግሩ ተገትሮ ከሆነ መጀመሪያ ዳሌውንና ጉልበቱን አጠፍ ማድረግ ያላላዋል። ሽንት ጨርቁን መሬት ላይ ጎንበስ ብሎ ከመቀየር በወገብ ልክ ጠረጴዛ ላይ ፍራሽ ዘርግቶ መቀየር ብዙ ያሳርፋል፤ እንዳይወድቅ ግን እጅ አይለየው። ተቀምጦ የሚበላበትና የሚጫወትበት ወንበርም ያስፈልገዋል፤ ጎንና ጎኑ የሚደግፈው፣ እግሩ መርገጫ ያለው፣ ከፊቱ ጠረጴዛ የሚገባለት። ኮምቦልቻ እንጨትና ብረት የሚሠራ ሞልቷል። ደሴ የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለ፤ ስለ ወንበሩ፣ ስለ እግር መደገፊያው ሄደህ አነጋግራቸው፣ ልኩን እነሱ ይንገሩህና እዚሁ አሠራው። ይህ ደግሞ ላንተ የሚሆን ሥራ ነው፣ ዛሬውኑ ልትጀምረው ትችላለህ። እሷም ለወገቧ ትታይ፣ ያልፋል ተብሎ አይተው።

ስለ ትልቋ ልጃችሁ «ጎበዝ ናት፣ ታግዛታለች» ብለህ አልፈሃል። እኔ ግን አላለፍኩትም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን አስቀምጣ ወንድሟን ነው የምትይዘው? የቤት ሥራዋን ማን ያይላታል? መጨረሻ የተጫወታችሁት መቼ ነው፣ አንተና እሷ ብቻ? እንዲህ ያሉ ልጆች እናታቸው እንዳትጨነቅ ብለው ምንም አይጠይቁም፣ ምንም ስለማይጠይቁም እንረሳቸዋለን። ወንድሟን መውደዷ፣ ማጫወቷ ጥሩ ነው፤ ማብላትና መሸከም ግን የሷ ግዴታ አይሁን። የወንድሟ ሕመም እንደማይተላለፍ፣ በማንም ጥፋት እንዳልመጣ፣ በሷም እንዳልሆነ በግልጽ ንገሯት። ልጆች ሳይናገሩ የሚያስቡት ብዙ ነገር አለ። አንተ አንዱን ማታ ስትይዝ እናትየው ከሷ ጋ ትቀመጥ፣ በሌላው ደግሞ አንተ።

አያቶቹ ጋ እንምጣ። ወሎ ውስጥ ዱዓና ጸበል አንድ ቤት ውስጥ መገናኘታቸው አዲስ አይደለም፣ ሁለቱም ወገን ለልጁ መጨነቃቸው ነው፣ ደስ ይበላችሁ። ዱዓውም ይደረግ፣ ጸበሉም ይሁን። መድኃኒቱ ግን አንድ ቀንም አይቋረጥ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጡ ከበፊቱ ብሶ፣ አላቋርጥ ብሎ ሊመጣና ሕይወት ሊቀጥፍ ይችላል። ይህን ለእናትህ የምትነግራት አንተ ነህ፣ ሚስትህ አይደለችም። እሷ ብትናገር ምራትና አማት ይሆናሉ፤ አንተ ስትናገር ግን ልጅ ለእናቱ ነው። ለባለቤትህ እናት ደግሞ ባለቤትህ ትንገራቸው። እናትህ «አፈዘዘው» ያለችው ግን ዝም ብሎ የሚጣል ነገር አይደለም። እነዚህ መድኃኒቶች አንዳንዴ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ፤ ለሐኪሙ ይነገረው፣ መጠኑን ሊያስተካክል ወይም ሊቀይር ይችላል። እሷንም አንድ ቀን ይዛችኋት ሂዱ፣ ከሐኪሙ አፍ ትስማ።

ስለ መጣሉ ካነሳን አይቀር፣ ሲጥለው በጎኑ አስተኙት። አንገቱ ላይ ያለውን ልብስ አላሉለት፣ የሚመታውን ነገር ከአጠገቡ አርቁ። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይግባ፣ ክብሪት ማሽተትም አያስፈልግም። ሰዓት ያዙ፤ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ሽንት ጨርቁን በተመለከተ እናትህ ፊት ቀይር። አትጨቃጨቃት፣ አታስረዳት። «ልጄ አይደል እማ» በልና ሥራህን ቀጥል። የመጀመሪያው ቀን ፊቷን ታዞራለች። እናትህን እኔ አላውቃትም፣ ግን የልጅ ልጇን አባቱ አጥቦ፣ አድርቆ፣ አቅፎ ሲያመጣው ተቆጥታ የምትቀጥል አያት ብዙ አላየሁም።

የሌሊት ሽፍት ደስ ስለሚልህ ነገር፣ እባክህ ራስህን አትርገም። እፎይ ማለትህ ልጅህን አለመውደድህ አይደለም። ከባድ ሐዘን ያለበት ቤት ነው የምትወጣው። ሰው ሲሞትብን ቅሬው፣ ዕድሩ ማለት ነው፣ ተሰብስቦ ድንኳን ይጥላል፣ ጎረቤት ቡናና ምግብ ይዞ ይመጣል፣ ወንድ ልጅም ቢሆን እዚያ ተቀምጦ ያለቅሳል። ልጅህ አጠገብህ ሆኖ፣ የምትወደው ሆኖ፣ ግን ሮጦ ይቀበለኛል ብለህ ያሰብከው ሳይሆን ሲቀር ግን ለዚያ የሚመጣ የለም። አንተ በሥራ ሸሸኸው፣ እሷ ያለ ዕረፍት በመሮጥ ሸሸችው ይመስለኛል። አንድ የምታምነው ሰው ካለህ፣ ወንድምም ይሁን የሥራ ባልደረባ፣ ይህን ለኔ የጻፍከውን ንገረው። ፊዚዮቴራፒ ስትሄድ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቁትን እናቶች አነጋግር፣ አባቶቹ የት እንዳሉ ጠይቃቸው። አንድ ሁለት አባት ብታገኝ ስልክ ተለዋወጡ። ወንበር ማን እንደሚሠራ፣ መድኃኒት የት እንዳለ፣ ልጁን የሚቀበል ትምህርት ቤት የቱ እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ልጃችሁ ዕድሜው ለትምህርት እየደረሰ ነው፤ አይናገርም ማለት አይማርም ማለት አይደለም። ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ስለ ልዩ ፍላጎት ክፍል ጠይቅ።

ባለቤትህ ዕድሉን አግኝታም እንቅልፍ እምቢ ካላት፣ ለምግብ ፍላጎት ካጣች፣ ቀን በቀን የምታለቅስ ከሆነ ወይም መኖር ሰለቸኝ ካለች ግን ድካም ነው ብለህ አትለፈው። ያንተም ቢሆን እንደዚያው። ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ይታከማል።

የቀረው ሥራህ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ዓመት የሠራ ሰው 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ አለው፣ አገልግሎቱ ሲጨምር ቀኑም ይጨምራል። ከባድ ነገር ሲገጥም ደግሞ ያለ ክፍያ እስከ 5 ተከታታይ ቀን፣ በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ መጠየቅ ይቻላል። የዓመት ፈቃድህን ለሠርግና ለዘመድ ጥየቃ ብቻ አታድርገው፣ ከፊሉን ለደሴ ቀጠሮ አስቀምጥ። አለቃህን ደብቀኸው ከሆነ ንገረው፤ ልጄ ሕክምና ላይ ነው፣ በቀጠሮ ቀን ሽፍት ልቀያየር በለው። ሽፍት የሚለዋወጥህ ጓደኛም ሳይኖርህ አይቀርም።

የሚቀጥለው ቀጠሮ መቼ እንደሆነ በደብዳቤህ ላይ አላየሁም። ታውቀዋለህ? ካላወቅክ ዛሬ ማታ ካርዱን አውጣና እየው፣ ፈቃዱንም ነገ ጠይቅ። ያን ቀን ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ስትወጡ ልጁ ያንተ ጭን ላይ ይሁን። ክፍሉ ውስጥም ግባ፣ ውጪ ቆመህ አትጠብቅ፤ ባለሙያው ሲያሳይ እጅህን ዘርጋና «እኔም ልሞክር» በል። እንዴት እንደነበረ ጻፍልኝ፣ ባለቤትህም ትጻፍልኝ።